ደፉን ያልተሻገረው

ሬሳው ግንባሩ ላይ ቀይ ነጥብ፣ ጆሮው ላይ ቢጫ አበባ ነበረበት። ከሴቻ ሰፈር ጀርባ ካለው ገደል ሥር፣ ቁጥቋጦ መካከል ተንጋሎ ሲገኝ፣ እንጨት ለቅመው ሽቅብ ይመለሱ የነበሩት ሴቶች መጀመሪያ ጠጥቶ የተኛ ሙሽራ መስሏቸው ነበር። ዓይኑ እንደማይርገበገብ ያስተዋሉት ቆይተው ነው።

ኢንስፔክተር ልክነሽ ገደሉን ስትወርድ አንድ ጉልበቷ ከዳት፤ ስትወጣ ሁለቱም ከዷት። የጡረታ ዕድሜዋ ደርሷል፤ የጡረታ ወረቀቷ ግን አልደረሰም። ከላይ ስትደርስ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ድረስ የታችኛውን አገር አየች። በግራ አባያ የሸክላ ጭቃ መስሎ ቀልቷል፤ በቀኝ ጫሞ ሰማዩን ለብሶ ተኝቷል። ይህን ያህል ውኃ ባለበት አገር አፏ ደርቆ ነበር።

«ጎረቤቶቹ በፎቶ ነው የሞተው ይላሉ» አለ ረዳቷ ሳጅን ሳምሶን፣ የጥርስ እንጨቱን ከአፉ ሳያወጣ። «ጎህ ሲቀድ ሐይቁን ሲያነሣ ተንሸራቶ።»

«በምን ነው የሚያነሣው?»

«በስልኩ ይሆናል።»

«ስልኩ የት ተገኘ?»

ሳምሶን እንጨቱን አወጣ። «ቤት። ቻርጅ ላይ።»

ልክነሽ ከድንጋዩ ሳትነሣ በጣቷ መሬቱን አሳየችው። ከገደሉ አፋፍ ላይ ነጠላ ጫማ ያረሰው ጭረት ነበር። «እየው። ተረከዙ ወደ ገደሉ ነው፤ ጣቱ ወደ ቤቱ። ሐይቅ የሚያይ ሰው ጀርባውን ለሐይቅ አይሰጥም። ሰውዬው ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ነበር፤ ወደ ኋላው እየሄደ ነው የወደቀው።»

«እንግዲያ ዘበኛው ነዋ» አለ ሳምሶን። «ትናንት ማታ ሰው ፊት ዝቶበታል። ዛሬ ከነጋ ደግሞ አልታየም።»

«ፈልገህ አምጣው» አለችና እጇን ዘረጋችለት። «መጀመሪያ ግን እኔን አንሣኝ።»

ሟቹ ዶክተር ቬንካት ከደቡብ ህንድ የመጣ፣ በከተማው ባለ አንድ ኮሌጅ የውኃ ምህንድስና የሚያስተምር ሰው ነበር። ከገደሉ አፋፍ አጠገብ በተከራየው ሰፊ ቤት ከሚስቱ ከካማላና ከታናሽ ወንድሙ ከሴልቫም ጋር ይኖራል። በየዓመቱ አደይ ሲያብብ በዚህ ቤት ለእናት አምላካቸው ለዱርጋ ዘጠኝ ሌሊት በዓል ይከበራል። ዘንድሮ ቬንካት በዓሉን ለከተማው ሁሉ ሊያሳይ ተነሥቶ ነበር፤ ለመዝጊያው ቀን ሹማምንቱም ነጋዴዎቹም ተጠርተዋል። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። መዝጊያው ነገ ነበር።

የበዓሉ ክፍል ከሳሎኑ ቀጥሎ ነው። በሩ ላይ የማንጎ ቅጠል በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ልክነሽ እንደ ነገሯት ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ያበጡ እግሮቿ ቀዝቃዛውን ሴራሚክ ሲነኩ ደስ አላቸው። ከግድግዳው ጋር እንደ ደረጃ በተሠራ መደርደሪያ ላይ የሸክላ አሻንጉሊቶች ተሰድረዋል፤ ነገሥታት፣ ላሞች፣ ሙሽሮች። ከሁሉ በላይ አንበሳ ላይ የተቀመጠች፣ እጆቿ የበዙ አምላክ አለች። እግሯ ሥር አንድ የነሐስ መብራት በዘይት ይነድዳል። ከመብራቱ ፊት ለፊት ደግሞ መፍቻ፣ መጽሐፍ፣ ላፕቶፕ፣ የወጥ ቤት ቢላዋ፣ አንድ ገጀራ፤ ሁሉም ቀይ ነጥብ ተደርጎባቸው ተኝተዋል።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ኤግዚቢት ነው?» አለች።

«መሣሪያ ዛሬ ያርፋል» አለች ካማላ ከሳሎኑ። አማርኛዋን የተማረችው ሴቻ ገበያ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣለች እንጂ ወደ ክፍሉ አልቀረበችም። «ዓመት ሙሉ ለእኛ ሠርቷል። ዛሬ አምላክ ፊት ይተኛል፤ ማንም አይነካውም። ነገ እናነሣለን።» ዓይኗ ደርቋል። «ነገ የሚያነሣ ግን የለም።»

ጠዋት ስትነሣ ባሏን አላየችውም፤ ለነገው ድግስ ወጥቶ ይሆናል ብላ እንደነበር ተናገረች። ልክነሽ ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም።

በእንግዳ ክፍል ያደረው የቬንካት የሥራ ባልደረባ ዶክተር ጆርጅ ነበር፤ እሱም ህንዳዊ ነው፤ አንገቱ ላይ ግን መስቀል አለ። ለበዓል የመጣ ሰው ሳይሆን ለስብሰባ የመጣ ይመስል ክራቫቱን አስሮ ጠበቃት።

«ዘበኛው ገጀራውን አልሰጥም አለ» አላት። «ቬንካት ከእጁ ወስዶ እዚያ አስቀመጠው። ሰውየው "ዋጋህን ታገኛለህ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎና ሟቹስ?»

«የትምህርት ክፍሉን ኃላፊነት ሁለታችንም እንፈልገው ነበር። ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔ ልንገርዎ ብዬ ነው።»

«ጠዋት ምን ሰሙ?»

«የጣሪያውን ማራገቢያ።»

ሴልቫም ክፍሉ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ በየገጠሩ የውኃ ፓምፕ የሚተክል፣ እጀ ሰፊ ሰው ነው። ጸጉሩ እርጥብ ነው፤ ግንባሩ ባዶ።

«ታምመሃል?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«ወንድምህን መቼ ነው ያየኸው?»

«ማታ። መብራት ዘይት ስጨምር።» ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። «ዘይት መጨመር የእኔ ሥራ ነው። ዘጠኝ ሌሊት መጥፋት የለበትም።»

ከራስጌው ፍሬም ውስጥ ያሉ አንዲት አሮጊት ልክነሽን ያዩዋታል። በፍሬሙ ዙሪያ ትኩስ የአደይ ጉንጉን ተጠልቋል።

«እናትህ ናቸው?»

«እናቴ ነች።»

«አበባው ያምራል።»

«ከዶርዜ መጣ። ለበዓሉ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የቤቱ ሠራተኛ አይዳ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ፈርታለች፤ ስትፈራ ደግሞ ወሬ የሚበዛባት ሰው ናት።

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ? ያን ክፍል ስምንት ቀን ሙሉ አቧራ እንኳ ልጥረግ ብል አይዳ አትንኪ፣ አይዳ ወዲያ በይ። ዛሬ ጠዋት ነው ክብሬ የታየው።»

«እንዴት ታየ?»

«ሴልቫም በሩ ላይ ቆሞ "ግቢና መብራቱ ላይ ዘይት ጨምሪ" አይለኝም? እሱ ደፉን እንኳ አልተሻገረም። በጣቱ እያሳየ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ፣ እያለ። እንጨት ለቃሚዎቹ ገና ሳይጮኹ ነው ይሄ።»

«ካማላ የት ነበረች?»

«ተነሥታ ልትገባ ነበር፤ አንቺ ዕረፊ፣ አይዳ ትጨምረዋለች ብሎ መለሳት። ቬንካት የት ሄደ ብላ ስትጠይቀው ደግሞ ዝም። ያመመው ሰው አይመልስም መቼም።»

«እሱስ ወንድሜ የት ሄደ ብሎ ጠየቀሽ?»

አይዳ የያዘችውን አንሶላ ጨመቀች። «አልጠየቀኝም። ለምን ይጠይቀኛል?»

ልክነሽ ወደ በሩ ዞረች። ደክሟት ነበር፤ የሰማችውንም ገና አልሰማችውም።

ዘበኛው ዳልጮ ከሰዓት በኋላ ተያዘ። ከጣቢያው በር ላይ ሚስቱ ሃና ልጇን አዝላ ቆማለች። ልክነሽ ስታልፍ አልለመነቻትም፤ ዓይኗን ብቻ ተከለችባት። ስልኩ ላይ ደግሞ አለቃዋ ኮማንደር አስናቀ ነበር።

«ልክነሽ፣ ዞኑ ይደውላል፣ ኤምባሲው ይደውላል። ዘበኛው ዝቷል፣ ጠፍቷል፣ ተይዟል። ነገ ጠዋት በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ይቅረብ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ወንበር» አለችና ተቀመጠች።

ዳልጮ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከጨንቻ ተራራ የወረደ ረጅም ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛውን እየመረጠ ነው የሚያወጣው።

«ዝተሃል?»

«አዎ ብያለሁ። እግዜር ይከፍልሃል ማለቴ ነው። እኔ ማን ነኝ ዋጋ የምከፍል?»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። አልገባሁም። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር።»

ሳምሶን ፈገግ አለ። «ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ሳትገባ? ምን፣ መግቢያ ያስከፍላሉ?»

«ገጀራዬ ጣዖት ፊት ተኝታ እንዴት እገባለሁ?» አለ ዳልጮ፣ ቀስ ብሎ። «ገጀራዬ እኮ እጄ ናት። እጄ እዚያ ቤት ሆና እግሬ ቅጽሩን ይረግጣል? ርኩስ ሆኛለሁ። ሰው እንዳያየኝ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ቆሜ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሰማሁ። ከዚያ ሐፍረት ያዘኝና ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወረድኩ።»

ልክነሽ ልታነሣው የነበረውን እስክሪብቶ ተወችው። በልጅነቷ እናቷ ንጹሕ ባልሆኑበት ቀን ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲቆሙ ታስታውሳለች። ማንም አይከለክላቸውም። ማንም አያውቅባቸውም። እግዜር ያውቃል ብለው ብቻ ነው የሚቆሙት።

«ደፉን እንኳ አልተሻገረም» አለች ለራሷ።

«ማን?» አለ ሳምሶን።

«ተነሥ። ከባሕር ዛፉ አካባቢ ጧፍ የሚሸጡ ሴቶች አይጠፉም፤ ጠይቃቸው። ረጅም ሰው ከዛፍ ጀርባ ቢደበቅም ረጅም ነው። ከዚያ ዳልጮን ይዘህ እዚያ ቤት ና።»

«ኮማንደሩስ?»

«ይደውል። መደወል ለምዷል።»

ቤቱ ስትደርስ ፀሐይዋ ወደ ጉጌ ተራራ አዘንብላለች። የነሐሱ መብራት ጠፍቷል፤ ክሩ ላይ ቀጭን ጥቁር ጢስ ደርቋል። ካማላ እዚያው ወለል ላይ ናት።

«መብራቱ ጠፋ» አለች ልክነሽ፣ አጠገቧ ግድግዳውን ተደግፋ እየተቀመጠች። «ለምን ዘይት አልጨመራችሁም?»

«እኛ አንችልም። ከቤተሰብ ሰው ሲሞት ዘመድ ሁሉ ይረክሳል። ወንድም፣ ሚስት፣ ልጅ። ስንሰማ ራሳችንን እንታጠባለን፤ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ አምላክ አንነካም፣ ክፍሉ አንገባም፣ ግንባር ቀለም አናደርግም።»

«ስታውቂ ነው ወይስ ሲሞት?»

«ስናውቅ። ያላወቀ ሰው ኃጢአት የለበትም።»

ልክነሽ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስላ ቆይታ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ወዳለ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ አመለከተች። የደረቀ ጉንጉን ተጠልቆለታል። «እሳቸው ማን ናቸው?»

«የባሌ አባት። ከሞተ ቆየ።»

«መሞታቸውን በምን ልወቅ?»

«አበባ አለው» አለች ካማላ፣ ጥያቄው ገርሟት። «የሕያው ሰው ፎቶ ላይ ጉንጉን አናደርግም። ሟርት ነው።»

«አማትሽስ?»

«እሷ ደህና ናት። ሰሞኑን ስደውል አላገኘኋትም፤ ቬንካት መንደሩ ኔትወርክ ተበላሽቷል ብሎኛል።»

ልክነሽ ወደ እሷ ጠጋ አለች። ከዚያ ያዘነ ሰው እጅ እንደሚያዝ የካማላን እጅ ያዘች። «አሁን ደውይ። ለአማትሽ አይደለም፤ ለመንደሩ ሰው፤ ለማንም ይሁን። ጓሮ ሆነሽ ደውይ።»

ካማላ ከጓሮ ስትመለስ ግድግዳውን እየዳሰሰች ነበር።

ሲመሻሽ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ጆርጅ ክራቫቱን ፈትቷል። አይዳ በሩ ጥግ ቆማለች። ሴልቫም ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ነው። ሳምሶን ዳልጮን አስገብቶ ካቴናውን ፈታለትና ወደ ልክነሽ ጆሮ ጠጋ አለ፤ «ጧፍ ሻጯ "ያ ከዛፍ ጋር የሚያለቅሰው?" ብላኛለች።»

ልክነሽ ወንበር ስባ ከሁሉም መካከል ተቀመጠች። «ቆሜ ብናገር ደስ ባለኝ፤ እግሬ እሺ አላለም» አለች። «ዶክተር ቬንካት አልተንሸራተተም። ጀርባው ለገደሉ፣ ፊቱ ለሚያውቀው ሰው ነበር። ዳልጮን ጠረጠርን፤ ዝቷልና፣ ጠፍቷልና። ዳልጮ ግን በዚያ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሞ ነበር፤ ያየችው ሴት አለች። ለምን እንዳልገባ ሲነግረኝ ነው የአይዳ ነገር የገባኝ።»

«የእኔ?» አለች አይዳ።

«የአንቺ። ስምንት ቀን መብራቱን እንዳትነኪ ተከለከልሽ። ዛሬ ጠዋት፣ ሬሳው ገና ሳይገኝ፣ ሴልቫም ከደጃፉ ቆሞ አንቺን አስገባ። አሞት ነው እንበል። የታመመ ሰው ሥራውን ለማን ይሰጣል? ለምራቱ። ካማላ ልትገባ ስትል ግን እሷንም መለሳት። ቤቱ ውስጥ አምላካቸውን መንካት የማይችሉት እነማን ናቸው? ሞት የነካቸው ዘመዶች። ጠዋት እሱ ካማላን የከለከላት የማታውቀውን ስላወቀ ነው።»

ሴልቫም ቀና አለ። «እናቴ ናት» አለ። ድምፁ ዝገት ነበረው። «እኔ እናቴን ነው ያወቅኩት።»

«አውቃለሁ» አለች ልክነሽ። «ፎቷቸው ላይ ጉንጉን አድርገሃል። ትኩስ ነው። ካማላም ደውላ አረጋግጣለች፤ እናታችሁ የሞቱት በዓሉ በተጀመረ ሰሞን ነው። ወንድምህ ሰምቷል። ቢናገር በዓሉ ይቀራል፤ እንግዳው ሁሉ ይመለሳል። ስለዚህ ዋጠው። ለመንደሩ ደግሞ ታናሽየው ቲኬት አጣ አላቸው።»

«በእኛ አገር» አለ ሴልቫም፣ «አባት ሲሞት የሬሳውን እሳት ትልቁ ልጅ ይለኩሳል። እናት ስትሞት ትንሹ። እኔ ነኝ ትንሹ።» እጆቹን አየ። «የአክስቴ ልጅ ለኮሰ። ጎህ ሲቀድ የልጅነት ጓደኛዬ ለለቅሶ ደወለልኝ፤ የማውቅ መስሎት። እኔ በየቀኑ መብራት ላይ ዘይት እጨምር ነበር። እሷ ስትቃጠል እኔ እዚህ አበባ እሰካ ነበር።»

«ያን ሁሉ የሰማ ሰው» አለች ልክነሽ፣ «መጀመሪያ የሚፈልገው ወንድሙን ነው። አንቆ ሊጠይቀው ወይም አብሮት ሊያለቅስ። አንተ ጠዋቱን ሙሉ ወንድሜ የት አለ አላልክም። ካማላ ስትጠይቅህም ዝም አልክ። ያልፈለግኸው የት እንዳለ ስለምታውቅ ነው።»

ጆርጅ መስቀሉን በእጁ ጨበጠ።

«ከገደሉ ዳር ሐይቁን እያየ አገኘሁት» አለ ሴልቫም በመጨረሻ። «ግንባሩ ላይ ቀለም፣ ጆሮው ላይ አበባ። እናቱ ሞታ። ለምን ስለው "ሁለት ቀን ብቻ ጠብቅ፣ ሁሉም ሰው ይመጣል" አለኝ። እየሣቀ። ገፋሁት። እንዲወድቅ ብዬ አይደለም። ግን ገፋሁት።»

ካማላ አለቀሰች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው።

«አምላክህን መዋሸት አልቻልክም» አለችው ልክነሽ። ቁጣው ድካሟን አልፎ እንዲወጣ ብትፈልግም አልወጣላትም። «ከደጃፏ ቆምክ። ዳልጮ ታስሮ ሚስቱ ልጅ አዝላ ፀሐይ ላይ ስትውል ግን ዝም ማለት ቻልክ።»

ሴልቫም ወደ ዳልጮ ዞረ። ዳልጮ ሌላ ቦታ ያያል፤ በተከፈተው በር ውስጥ፣ ወደ ገጀራው።

«ኢንስፔክተር» አለ ሴልቫም ሳምሶን እጁን ሲይዘው። «ምላጭ ስጡኝ። ለእናቴ ጸጉሬ መላጨት አለብኝ።»

«ጣቢያ ሰው አስጠራልሃለሁ» አለች።

ከወጡ በኋላ ዳልጮ እዚያው ቆሞ ቀረ። «እመቤቴ» አለ ለካማላ፣ «ገጀራዬን ልውሰድ?»

ካማላ ፊቷን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገች። «ነገ ነው የሚነሣ። ግን ውሰድ። እኔ መግባት አልችልም።»

«እኔም አልችልም» አለ ዳልጮ።

አይዳ ገብታ አወጣችለት። ቀዩ ነጥብ ስለቱ ላይ እንዳለ ነው። ዳልጮ ሊጠርገው አውራ ጣቱን አነሣና ተወው።

«አንድ ነገር ቀረ» አለች ካማላ። «በዓል ሲያልቅ አንድ አሻንጉሊት እናስተኛለን። ቆማ ከቀረች በዓሉ አያልቅም።» አይዳን አየቻት፤ አይዳ ግን እጇን ከኋላዋ ደብቃ ታለቅስ ነበር።

ልክነሽ ጫማዋን እንደገና አወለቀች። ገብታ ከታችኛው ደረጃ ላይ ያለችውን ሙሽራ አንሥታ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚደረገው፣ ቀስ አድርጋ በጎኗ አጋደመቻት። ከዚያ ስትወጣ ጫማው እምቢ አላት፤ እግሯ አብጦ አልገባ አለ። በእጇ ይዛው ወጣች።

ግቢው በር ላይ ሃና ልጇን እንዳዘለች ከሲቀላ መንገድ ትመጣለች። ዳልጮ ልክነሽን ጠበቃት።

«ኢንስፔክተር፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን መግባት የምችል ይመስልዎታል?»

«እሱን የንስሐ አባትህን ጠይቅ» አለችው። «ለዛሬ ቤትህ ግባ።»

ገጀራውን ትከሻው ላይ አደረገና ወደ ሚስቱ ሄደ። ልክነሽ በባዶ እግሯ፣ አሁንም የቀን ሙቀት ያልለቀቀውን ድንጋይ እየረገጠች፣ ወደ መኪናው ወረደች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይጠራል።